በአባይነህ ክንድ የተለካ ደሪቶ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ግን መስከረም ጠብቶም ጉዱ አላባራም። በኅዳር ወር በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ አንድ ደሪቶ ወርዱ በዝቷል ተብሎ ከቀበሌው እስር ቤት በር ተመለሰ። ምግብ ሲመለስ ታይቷል። መጽሐፍ ሲመለስማ ተለምዷል። ለብርድ የተላከ ልብስ ከሚገባው በላይ ያለብሳል ተብሎ ሲመለስ ግን ያን ቀን መጀመሪያው ነበርና፣ ስንቅ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው እርስ በርስ ተያዩ።

የደሪቶው ባለቤት ዓለሚቱ ትባላለች። ከከምባታ መጥታ ነፋስ ስልክ ከከተመች ብዙ ዘመኗ ነው። ባሏ አባይነህ ብረት በያጅ ነው፤ ሁለቱም ጴንጤዎች ናቸው። የአባይነህ ወንጀል ከጥቂት አማኞች ጋር በገዛ ቤቱ፣ በሩን ዘግቶ መዘመሩ ነበር። «መጤ ሃይማኖት» አሉት። ጠጅ ተጠጥቶ የተዘፈነ ዘፈን ቢሆን ኖሮ ቀበሌው ራሱ መጥቶ ባጨበጨበ! በጥቅምት መጀመሪያ በሸሚዝ እንደ ቆመ አንጠልጥለው ወሰዱት፤ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ እንዲለብስ እንኳ አልፈቀዱለትም።

ዓለሚቱን እንቅልፍ የነሳት እስሩ ብቻ አይደለም፤ ብርዱ ነው። አባይነህ ባለፈው ክረምት የሳምባ ምች ይዞት ከሞት አፍ ነው የተመለሰው። ሐኪሙም «ዳግመኛ ብርድ ከመታው እንጃ!» ብሏት ነበር። እስር ቤቱ ደግሞ የአንድ ሀብታም ቪላ የነበረ፣ ከተወረሰ በኋላ መስኮቶቹ በቆርቆሮ የተመቱ ቤት ነው። እስረኞቹ የሚተኙት በሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ ነው። የኅዳር ሲሚንቶ ጤነኛውንም ያስላል። ዓለሚቱ ባሏ የሚፈታበትን ቀን ማንም እንደማይነግራት ታውቃለች፤ እስከዚያ ድረስ ግን ያቺን ሳምባ እንዳይበርዳት ማድረግ የእሷ ሥራ ነው ብላ ተነሣች።

ብርድ ልብስ መግዣ አልነበራትም። ስለዚህ ደሪቶ ልትሰፋ ወሰነች። ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ብጣሽ ለቀመች፤ የራሷን አሮጌ ቀሚስ፣ የአባይነህን የሥራ ቱታ፣ የዱቄት ከረጢት ሳይቀር ቦጫጨቀች፤ እራፊ በእራፊ ላይ ደራርባ በጆንያ መርፌ ትጠቀጥቀው ጀመር። ችግሩ ልኩ ላይ ነበር። አባይነህ በሰፈሩ ማንም የማይስተካከለው ረጅም ሰው ነው፤ በር ሲያልፍ አንገቱን ሰበር ማድረግ የለመደ፣ በሰው ብርድ ልብስ በተኛ ቁጥር እግሩ ሜዳ ላይ የሚያድር። የጎረቤት ሴቶች «አልጋው ላይ ገመድ ዘርግተሽ በእሱ ልክ ምልክት አድርጊ» እንዳይሏት ደግሞ ይህ ነውር ነው፤ ተኝቶ በገመድ የሚለካ ሬሳ ነው። ዓለሚቱ እንዲህ ያለውን አጉል እምነት ትቻለሁ ትላለች፤ ሆኖም በዚያ ሰሞን ገመዱን ማንሣት እጇ አልታዘዛትም።

ሚስማሩ ላይ የቀረውን ኮት አወረደችው። ቤት ሠሪው አባቷ ሰው በገዛ ክንዱ አራት ክንድ ነው ይላት ነበር። የኮቱ እጅጌ ክርኑ ላይ ራሷ የለጠፈችው እራፊ አለ፤ ከእሱ መሃል ተነሥታ እስከ እጅጌው ጫፍ ለካች። ከእጅጌው ወጥቶ የሚቀረውን፣ መዳፉን ከነጣቶቹ፣ ኮት አያሳይም። ግን ስንት ዘመን የያዘችው እጅ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና የራሷን መዳፍ እጅጌው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና የእሱ ከእሷ የሚበልጠውን ጨመረችበት። በዚያ ልክ አንድ የጨርቅ ቅዳጅ ቆረጠች። ያቺ ቅዳጅ የአባይነህ ክንድ ሆነች። አራት ለቁመቱ፣ አንድ ደግሞ ከእግሩ ሥር ለሚታጠፈው፤ ወርዱን ሦስት ክንድ አደረገችው። በዚህ ልክ ተሰፍቶ ሲያልቅ አልጋቸው ላይ ዘረጋችውና ከራስጌ እስከ ግርጌ ሞላላት። አቤት የዚያን ዕለት ደስታዋ!

እንግዲህ እሑድ ጠዋት በሩ ላይ የተመለሰው ይኸው ነው።

የመለሰው ላቀው የሚባል የአብዮት ጥበቃ ነበር። ላቀው ከአብዮቱ በፊት አባይነህ ብየዳ ላስተምርህ ብሎ ጠርቶት፣ ሁለት ቀን ሠርቶ «እሳቱ ዓይኔን ወጋኝ» ብሎ የጠፋ የሰፈር ልጅ ነው። ያኔ ዓለሚቱ ቤት እየገባ እትዬ እያለ በልቷል። አሁን ጠመንጃ አንግቷል። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ማለት እንዲህ ያለው ነው። በሩ አጠገብ ከሚስማር ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለች የመጥረጊያ እንጨት ቁራጭ አነሣና በደሪቶው ላይ በአግድም አጋደማት።

«አይገባም።»

«ለምን?»

«ወርዱ ከዱላዋ ይበልጣል። የአንድ እስረኛ መኝታ ሁለት ስንዝር ተኩል ነው፤ ከዚህ የሰፋ ነገር ሌላው ላይ ይወጣል፣ ጭቅጭቅ ያመጣል። አንድ ሰው አንድ ዱላ። እኩልነት ነው።»

ዓለሚቱ ዱላዋን አየቻት፤ ከዚያ ላቀውን አየችው። «አባይነህን አታውቀውም እንዴ፣ ላቀው? ሰውየው ራሱ ትከሻው ከዚህ ዱላ ይበልጣል እኮ!»

«በጎኑ ይተኛል።»

እንዲህ ነው ያላት፤ ዓይኑን ሳያሽ። ሰው በሊቃነ መናብርት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ስንት ስንዝር ለሰው ይበቃል ብሎ ተማክሯል ማለት ነው! እጅ አውጥቶም አጽድቆት ይሆናል!

«ይልቅ ወረፋ አትዝጊ፣ አንቺ ሴትዮ» አላት ላቀው። «ወስደሽ ቁረጪው። እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ ሲባል አልሰማሽም?»

«ፍራሹን ማን ከለከለውና!» አለች ዓለሚቱ። ሌላም የምትለው ነበራት፤ ግን የምሳ ዕቃው ገና በእጇ ነው፤ ካስቆጣችው እሱም ይመለሳል። ስንቁን አስገብታ ደሪቶውን ጠቅልላ በራሷ ላይ ተሸክማ ወጣች። እትዬ የሚለው ቃል ከጉሮሮው መጥፋቱ ሳይቀር እያንገበገባት ሄደች።

ግቢዋ እንደ ደረሰች የሐሚዳን በር አንኳኳች። ሐሚዳ የስልጤ ሴት ናት፤ ባሏ ሸምሱ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ስኳር ሸሽገሃል ተብሎ ከአባይነህ አንድ ሳምንት ቀድሞ ታስሯል።

«ሐሚዳዬ፣ መቀስሽን አውሺኝ።»

ሐሚዳ ፊቷን አይታ መቀሱን ወደ ኋላዋ ደበቀችው። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ነው የሚባለው። ምን ልትቆርጪበት ነው፣ እትዬ ዓለሚቱ?»

ዓለሚቱ የሆነውን ነገረቻት። ሐሚዳም ከበስተውስጥ አንድ ቁራጭ ነገር ይዛ መጣች፤ የብርድ ልብስ ጎን ነው። «ይኼን አየሽ? ለሸምሱ የወሰድኩት ነበር። ያ ጠማማ በሩ ላይ በሳንጃ ለሁለት ቀደደና ትራፊውን ለእጄ ሰጠኝ። ተሸማቅቄ ነው ያልነገርኩሽ። ወላሂ፣ እንደ ሕፃን ነው ያስለቀሰኝ!»

ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ላቀውን ከነዘር ማንዘሩ አንድ በአንድ አነሡት። ዓለሚቱ አማኝ ስለሆነች አትራገምም፤ ሐሚዳ የእሷንም ድርሻ ጨምራ ረገመችላት።

እንዲህ እያሉ ሳለ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ሰው የግቢውን በር አልፎ የአባይነህን ቤት ጠየቀ። ዱጉማ ይባላል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከዚያው እስር ቤት ትናንት ተፈትቶ፣ የእስረኞቹን ሰላምታ ለቤተሰብ ለማድረስ እየዞረ ነበር።

«አባይነህ ደህና ነው» አለ። ሸምሱም ደህና ነው፤ ጎን ለጎን ናቸው።

«ሳሉስ?» አለች ዓለሚቱ።

ዱጉማ ወደ መሬት አየ። «ሳል አለ።»

«ሹራብ ልኬለት ነበር እኮ!»

«ሹራቡን ለበንቲ ሰጥቶታል» አለ ዱጉማ። በንቲ ከሰበታ በኩል ከሰል ሊሸጥ መጥቶ የተያዘ ሰው ነው። በዚህ ከተማ ዘመድ የለውም፤ ስንቅ የሚያመጣለት የለም። መኝታው በአባይነህ ወዲያኛው ጎን ነው።

ዓለሚቱ ብድግ አለች። «እሱ ምን ዓይነት ሰው ነው! የራሱ ሳምባ ሳይድን የሰው ብርድ ያስጨንቀዋል?» ስትናገር ግን እሱ ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮ እንደማትወደው እያወቀችው ነበር፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

ደሪቶውን ዱጉማ ፊት ዘረጋችለት። በዱላዋ ልክ ልቁረጠው ወይስ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው በእጁ ዳሰሰው፤ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይኼ የተለካው ለአልጋ ነው፤ ለባልና ለሚስት። እዚያ አልጋ የለም። ብትቆርጪውም ደግሞ አይረባውም። ሁላችንም በጎናችን ነው የምንተኛው፤ ጎን ሲደነዝዝ አንዱ ‹ዙር!› ይልና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዞራል። ያን ጊዜ ጠባቡ ልብስ ይንሸራተታል። የሸምሱ ብርድ ልብስ ማለዳ የሚገኘው የማያውቀው ሰው እግር ሥር ነው። እዚያ ሰው ለብቻው አይተኛም፤ ለብቻውም መልበስ አይችልም።»

ይህን የሰማ ሰው ቢያለቅስ አይፈረድበትም፤ ሐሚዳም አለቀሰች። ዓለሚቱ ግን ቁጣው እንባዋን አደረቀው። ሰፊው አይገባ፣ ጠባቡ አይሸፍን! ታዲያ ልኩ የቱ ነው? እንዲሞቱ ነው የተለካላቸው? እንዲህ እያለች ዓይኗ ዱጉማ ትከሻ ላይ ቀረ። ጋቢው መሃል ለመሃል፣ ከላይ እስከ ታች፣ በክር የተገጠመ መስመር አለው። የትኛውም ጋቢ ይህ መስመር አለው፤ ማንም ግን አያየውም።

እጇን ሰድዳ መስመሩን ያዘችው። «ይኼ እንዲህ የተገጠመው...»

«ሸማኔ እቃው ጠባብ ነው» አለ ዱጉማ ግራ ገብቶት። «ለየብቻ ይሠራዋል፤ ከዚያ ጎንና ጎኑ ይሰፋና ሰፊ ይሆናል።»

«እኮ!» አለች ዓለሚቱ። «ሐሚዳ፣ መቀሱን አምጪ።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ደሪቶውን በቁመቱ ቆረጠችው። ከሦስት ክንድ ወርድ በዱላዋ ልክ ሁለት ወጣ፤ ትንሽ ትራፊም ተረፈ። ሐሚዳ «አንዱ የአባይነህ፣ ሌላውስ?» አለቻት። «የበንቲ ነዋ» አለች ዓለሚቱ፤ «እሱ ባዶውን ከቀረ ብርዱ በእሱ በኩል አይደል የሚገባው?» በሁለቱም ዳርና ዳር፣ በየክንዱ ርቀት፣ ከጨርቅ ቅዳጅ የተሠራ ማሰሪያ ሰፋችበት። በሩ ላይ እያንዳንዱ ደሪቶ የአንድ ሰው ነው፤ ውስጥ ሲገቡ ግን ማሰሪያቸው ከማሰሪያ ተገጥሞ አንድ ይሆናሉ። ዱጉማ በዚያ ተርታ የተኙትን ሰዎች ስም ነገራቸውና ሐሚዳ ሚስቶቻቸውን በየቤቱ ሄዳ አነጋገረች። መቸም በዚያን ጊዜ ሰው ከጥላው ጋር እንኳ አያወራም ነበር፤ ስለ ደሪቶ ግን ሴት ከሴት ጋር ብትነጋገር ማን ምን ይላል?

ሥራው መጀመሪያ ላይ ተበላሸ። ዓለሚቱ ለሁሉም «ቁመቱ አምስት ክንድ፣ ማሰሪያው በየክንዱ» ብላ ነበርና ሁሉም እቤቷ ገብታ በገዛ ክንዷ ለካች። ሰው ሁሉ ክንድ አለው፤ ማን ሌላ መለኪያ ይፈልጋል? ሐሚዳ የሰፋችውን አምጥታ ከአባይነህ ደሪቶ ጎን ስታጋድመው የመጀመሪያው ማሰሪያ ተገናኘ፣ ሁለተኛው ተራራቀ፣ የመጨረሻውማ ሊገናኝ ሁለት ስንዝር ቀረው። ሐሚዳ አጭር ሴት ናት። እርስ በርስ ተያዩና ከታሰሩባቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በማን ክንድ ይሁን ታዲያ?» አለች ሐሚዳ ዓይኗን እየጠረገች።

ዓለሚቱ ያቺን የጨርቅ ቅዳጅ ከጉያዋ አወጣች። «በአባይነህ።»

«እትዬ ዓለሚቱ! ሸምሱ እኮ እንደ እኔው ነው፤ በአባይነህ ክንድ ከተሰፋለት ግማሹ ትርፍ ነው። እራፊ ከየት ይመጣል?»

«እኩልነት ነው አይደል የሚሉት?» አለች ዓለሚቱ። ድምፅዋ ከፍ አለ። «እኩል ከሆነ በረጅሙ ይለካ! በአጭሩ ለክቶ የረጅሙን እግር መቁረጥ የላቀው ሥራ ነው። እኔ አልሠራውም። ለሸምሱ ቢተርፈው ይጠቅልልበት፤ ለአባይነህ ካነሰው ግን የሚሞላለት የለም።»

ከዚያ በኋላ የአባይነህ ክንድ ከቤት ቤት ዞረች። «የአባይነህ ክንድ ማን ጋ ናት?» ይባባሉ ነበር ሴቶቹ በውሃ ወረፋ ላይ። አንዷ ሌሊት ስትሰፋ አድራ ጠዋት ለሌላዋ ታቀብላለች። ባለቤቱ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ሁለት ስንዝር ተኩል ውስጥ ተወትፎ ሳለ፣ ክንዱ መካኒሳ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች።

ረቡዕ በሩ ላይ ሲደርሱ ላቀው ዱላዋን አነሣ። የዓለሚቱን ለካ፤ ልክ ነው። የሐሚዳን ለካ፤ ልክ ነው። «አየሽ፣ ሲፈለግ ይቻላል» አላት ዓለሚቱን። ከዚያ ማሰሪያዎቹን አያቸው።

«ይኼስ ምንድነው?»

ሐሚዳ ፈጠን አለች። «ቀን ቀን ጠቅልለው ሊያስሩበት ነዋ! ቤታችሁ ይዝረክረክ?»

ሥርዓት የሚመስል ነገር ደስ ስለሚለው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ደሪቶውን በቁመቱ ሲዘረጋ አላልቅ አለው፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ ሄዶ፣ አሁንም ጫፉ መሬት ላይ ነው። «ቁመቱ በዛ» አለ።

«ዱላው የወርድ ነው አላልክም እንዴ?» አለችው ዓለሚቱ። «ለቁመት ሌላ ዱላ ከተሰጣችሁ አምጣና ለካው።»

ላቀው ወደ ሚስማሩ አየ። ሌላ ዱላ የለም። ያልታዘዘውን ከልክሎ ከአለቃው ጋር መጋጨትም፣ አለቃውን ሄዶ መጠየቅም አላማረውም። ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። «እለፉ» አለ። ለበንቲ የተላከውንም ከማን ነው ሲል ዓለሚቱ «ከእህቱ» አለችው፤ አምላኳ ይቅር እንደሚላት እርግጠኛ ነበረች።

በተከታዩ እሑድ ሸምሱ ከግቢው ወዲያ ማዶ አንገቱን አስግጎ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሐሚዳ ጮኸ፤ «እትዬ ዓለሚቱን ሞቆናል በያት!» ዘቡ ገፍትሮ መለሰው። ግን ተሰምቷል። ዓለሚቱ ባዶውን ምሳ ዕቃ ደረቷ ላይ አቅፋ መንገድ ለመንገድ ጌታን አመሰገነች፤ ወዲያው ደግሞ ሰው በአዲስ አበባ መሃል ሙቀት ሰርቆ መሞቁ አናደዳት።

ይህ ምሥጢር ለዘላለም አይቆይም፤ አልቆየምም። በየካቲት ላቀው ማለዳ ድንገት ሲገባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ትልቅ ደሪቶ፣ ከሥሩ አንድ ተርታ ሰው አየ። ማሰሪያዎቹን አንድ ባንድ በሳንጃ መለመላቸው። ደሪቶዎቹን ግን ሊወስድ አልቻለም፤ እያንዳንዳቸው በዱላዋ ልክ ናቸው። እሑድ ለአጠባ ወጡ፤ ረቡዕ አዲስ ማሰሪያ ተሰፍቶባቸው ገቡ። እንደገና መለመላቸው፤ እንደገና ተሰፋባቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሰለቸውና ተወው። የሚቀድ እጅ ይደክማል፤ የሚሰፋ እጅ በንዴት ይበረታል።

አባይነህ ሰኔ ሲገባ ተፈታ። ለምን እንደ ታሰረ በግልጽ እንዳልተነገረው ሁሉ ለምን እንደ ተፈታም አልነገሩትም። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶ እጁን የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ግን ቆሟል። ዓለሚቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንፋሹን አዳመጠች። ያቺ ሳምባ ደህና ናት። እልል ብላ ግቢውን አናወጠችው፤ ሐሚዳም የራሷ ባል ገና ውስጥ ሳለ አብራት እልል አለች።

«ደሪቶውስ?» አለችው ቆይታ።

«ትቼው መጣሁ» አለ አባይነህ። «መሃል ላይ ነኮ ያለው፤ እንዴት ላውጣው? ከወጣ ሸምሱና በንቲ ይለያያሉ። በቦታዬ ሌላ ሰው ገብቷል፤ እሱ ለብሶታል።»

እሷ በበኩሏ ከትራፊው ተነሥታ፣ ብጣሽ ለቅማ፣ በዚያው በመጀመሪያው ልክ ሌላ ደሪቶ ሰፍታ አልጋው ላይ ካነጠፈችው ቆይታለች። ቁመቱ አምስት የአባይነህ ክንድ ነው፤ ወርዱ ሦስት። እግሩን አጠበችለት፤ አብልታው «በል እረፍ» አለችው። ጋደም አለ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ልታለብሰው ጎንበስ ስትል ነው ያየችው። አባይነህ፣ ያ በር የማይበቃው ሰው፣ በጎኑ ሆኖ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ ሁለት ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ግድግዳው ሥር ተለጥፏል። ሰፊው አልጋ ከጀርባው ባዶውን ተዘርግቷል። ያቺን ዱላ አምጥቶ የሚለካው ቢኖር ጣት ያህል እንኳ አያልፋትም። ዓለሚቱ ቆማ እያየችው ሳለ በእንቅልፍ ልቡ ዞረ፤ ቀስ ብሎ፣ እዚያው በዚያው፣ የማንንም ቦታ ሳይነካ ዞሮ እንደ ቅድሙ ተሰበሰበ።

ያን ጊዜ ዓለሚቱ በሩ ላይ ያልጮኸችው፣ ለምሳ ዕቃው ብላ የዋጠችው ሁሉ ተመልሶ መጣባት። ልኩን በደሪቶው ላይ ነው የጣሉት ብላ ነበር የታገለችው። ለካ ሰውየው ራሱ ላይ ነው የጣሉት!

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባይነህ፣ ተዘርጋ» አለችው። «ቤትህ ነው፤ አልጋህ ነው።»

«እሺ» አለ ሳይነቃ። አልተዘረጋም።

ክንዱን፣ ያቺን በየቤቱ የዞረች ክንድ፣ በሁለት እጇ ይዛ ከደረቱ ላይ አላቀቀችና በአልጋው ወርድ ላይ ዘረጋችለት። ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ክንዱ በራሱ ተመልሶ ታጠፈ። እሷም እንደገና ዘረጋችው።